ለትንሽ መኪና ተሳቢ፦ ትርፍ ነው ወይስ ኪሳራ?

የጎንደር ነጋዴ ተሳቢን የሚያውቀው በትላልቅ መኪኖች ነው። በአዘዞ በኩል ወደ መተማ የሚወርዱትንና ከባሕር ዳር አቅጣጫ የሚመጡትን ባለተሳቢ ከባድ መኪኖች ያላየ የለም። ተሳቢ ከትንሽ የቤት መኪና ኋላ ሲታሰር ግን በከተማው እምብዛም አይታይም። ይሁን እንጂ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቪትዝ ወይም ኮሮላ ያለው ነጋዴ የጭነት ዋጋ ሲወደድበት «ከኋላዬ አንዲት ትንሽ ተሳቢ ባስር ምን ይለኛል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄው የበረታበት ምክንያትም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን በሚያስገባው ሰው ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚህ የተነሳ መኪና ያለው ሰው ያለችውን መኪና አጥብቆ ይዟል፤ ከእርሷም ተጨማሪ ሥራ ማውጣት ይፈልጋል። ጭነት መኪና መግዛት ለብዙዎች የማይታሰብ ነው። አንድ ጎበዝ በያጅ፣ ጥቂት ብረትና ሁለት ጎማ ግን በማንኛውም ሰፈር ይገኛሉ።

ታዲያ ነገሩ ያዋጣል? መልሱን ለማግኘት ሦስት ነገሮችን መመርመር ያስፈልጋል። እነርሱም መኪናው የሚችለው ክብደት፣ የማያያዣው አሠራርና የገንዘቡ ስሌት ናቸው።

መኪናው ስንት ይጎትታል?

አንድ ነጋዴ ባለ 1 ሊትር ሞተር ቪትዝ አለው እንበል። የመኪናው ባዶ ክብደት 950 ኪሎ ገደማ ነው። በመጀመሪያ መታየት ያለበት ፋብሪካው በመመሪያ መጽሐፉ የጻፈው ነው። ያንኑ መኪና በያሪስ ስም በአሜሪካ የሸጠው ቶዮታ በዚያ አገር መመሪያው ተሳቢ መጎተትን አይመክርም። በአውሮፓ ግን ትናንሽ መኪኖች በተወሰነ ክብደት ተሳቢ እንዲጎትቱ ይፈቀዳል። በጃፓን ተሽጦ ወደ እኛ የመጣው ቪትዝ ለመጎተት ታስቦ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁም ነገር፣ ከዚህ በታች የሚቀርቡት አኃዞች የመጨረሻ ጣሪያን የሚያሳዩ እንጂ ከፋብሪካ የተገኘ ፈቃድ አለመሆናቸው ነው።

በአውሮፓ ደንብ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ መብለጥ የለበትም፤ ከጎታቹ መኪና ክብደት ግማሽም ማለፍ የለበትም። ለምሳሌነት የያዝነው ቪትዝ 950 ኪሎ ስለሆነ ግማሹ 475 ኪሎ ይሆናል። ይህ ግን ለቆላና ለሜዳማ አገር ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወገራን አልፎ፣ ዳባትን አቋርጦ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የምትገኘው ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም የሚስበው አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይቀንሳል። ሞተሩ በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት ጎንደር ላይ አንድ አምስተኛ ያህሉን፣ ደባርቅ ላይ ሩብ ያህሉን ያጣል። በወረቀት 70 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ደባርቅ ሲደርስ ከ52 ወይም 53 የማይበልጥ ጉልበት ይኖረዋል ማለት ነው።

በርካታ ፋብሪካዎች ይህንን አውቀው በየ1,000 ሜትር ከፍታው 10 በመቶ ክብደት መቀነስ እንደሚገባ በመመሪያቸው ይጽፋሉ። አንዳንዶቹ ከተሳቢው ክብደት ይቀነስ ሲሉ፣ ሌሎቹ ጠበቅ አድርገው ከመኪናውና ከተሳቢው ድምር ይቀነስ ይላሉ። ለነጋዴው የሚሻለውን ለዘብተኛውን ይዘን ለደባርቅ መንገድ 30 በመቶ ብንቀንስ 475 ኪሎው ወደ 330 ኪሎ ይወርዳል። ከዚህ ውስጥ ተሳቢው ራሱ፣ ከነጎማውና ከነካሶኒው፣ 130 ኪሎ ቢመዝን ለዕቃ የሚቀረው 200 ኪሎ ነው። በነጋዴ ቋንቋ ሁለት ኩንታል መሆኑ ነው።

ዳገቱና ቁልቁለቱ

ሁለት ኩንታል ትንሽ ይመስላል። ዳገት ላይ ግን ክብደት በሌላ ሚዛን ይሰፈራል። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ እያንዳንዱ 100 ኪሎ መኪናውን በ8 ኪሎ ኃይል ወደ ኋላ ይጎትተዋል። መኪናው ከሁለት ሰው ጋር 1,100 ኪሎ ቢሆን ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል 88 ኪሎ ነው። 330 ኪሎ ተሳቢ ሲጨመርበት 114 ኪሎ ይሆናል። ይህም የ30 በመቶ ጭማሪ ሲሆን፣ የሚመጣው ሞተሩ ሩብ ጉልበቱን ባጣበት ቦታ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው፣ በተለይም በቀበቶ የሚሠራው ሲቪቲ የተገጠመላቸው መኪኖች በዚህ ዓይነት ጉዞ ዘይታቸው ይግላል። የካምቢዮ ጥገና ዋጋ ደግሞ የተሳቢውን ወጪ ሊበልጥ እንደሚችል ባለመኪና ሁሉ ያውቀዋል።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያሰጋው ቁልቁለቱ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የሠሩት የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ ማዶ ከ1,000 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። 1,430 ኪሎ የሚመዝኑ መኪናና ተሳቢ 1,000 ሜትር ሲወርዱ የሚለቀቀው ኃይል ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። ይህም አንድ የእንጀራ ምጣድ በኤሌክትሪክ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲጋል የሚበላውን ያህል ነው። ሞተሩና ነፋሱ የተወሰነውን ካልተካፈሉት ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነው። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ስለሌለው ሸክሙን የሚሸከሙት የመኪናው ፍሬኖች ብቻ ናቸው። ፍሬን ሲግል ደግሞ ይፈዝዛል፤ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። ስለዚህ በሊማሊሞ ላይ ፍሬን የሌለው ተሳቢ በትንሽ መኪና መጎተት ፈጽሞ አይመከርም። እስከ ደባርቅ የሚሄድም ቢሆን ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ አለበት።

ማያያዣው የት ይታሰራል?

ከባድ መኪና ሻንሲ አለው፤ ተሳቢው የሚታሰረውም በሻንሲው ላይ ነው። የቤት መኪና ግን የተለየ ሻንሲ የለውም። አካሉን የሚሸከመው ራሱ ላሜራው ነው። ስለዚህ ማያያዣውን በፓራውልቱ ላይ ወይም በኋላው ወለል ስስ ላሜራ ላይ ማሰር መኪናውን መቅደድ ነው። መያዝ የሚችለው ቦታ ከኋላው ወለል ሥር በግራና በቀኝ እንደ ሣጥን ታጥፈው የሚሄዱት ሁለት ክንዶች ናቸው። መኪና በብልሽት ሲቆም ለመጎተት የሚያገለግለው መንጠቆም ለዚህ ሥራ አይሆንም። እርሱ የተሠራው ለአንድ ጊዜ ችግር ነው።

አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ከግራ ክንድ ወደ ቀኝ ክንድ የሚሻገር አንድ ጠንካራ ብረት ይዘጋጃል። ለዚህም 50 በ50 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር የሚደርስ አርኤችኤስ ያስፈልጋል። ለበርና ለመስኮት የሚሸጠው ስስ አርኤችኤስ አይሆንም። የሕንፃ ፌሮ ደግሞ ለዚህ ሥራ ጨርሶ መታሰብ የለበትም። በሁለቱ ጫፎች ላይ እያንዳንዱን ክንድ ተከትሎ ወደ ፊት የሚሄድ የብረት ሰሌዳ ይበየዳል። ይህ ሰሌዳ በእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ በሦስት ቡሎን ይታሰራል።

ቡሎኑ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር የታተመበት መሆን አለበት። ቁጥር የሌለው ቡሎን ጥንካሬው አይታወቅም። ክንዱ ባዶ ሣጥን ስለሆነ ቡሎኑ ሲጠብቅ ላሜራው ወደ ውስጥ ይጨማደዳል። ይህ እንዳይሆን በሣጥኑ ውስጥ ቡሎኑ የሚያልፍበት አጭር የቧንቧ ቁራጭ ይገባል፤ ከወለሉ በላይም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ ይደረጋል። የማጥበቂያው ልክ 80 ኒውተን ሜትር ገደማ ሲሆን የሚለካውም በልክ ማጥበቂያ ቁልፍ ነው። የተበሱት ቀዳዳዎች ጸረ ዝገት ቀለም ካልተቀቡ በሁለት ክረምት ውስጥ ክንዱን ዝገት ይበላዋል።

በያጆች ብዙ ጊዜ «ቡሎን ምን ያደርጋል፣ በቀጥታ እንበይደው» ይላሉ። ይህ በሦስት ምክንያት መጥፎ ምክር ነው። አንደኛ፣ የብየዳ ሙቀት የክንዱን ስስ ላሜራ ያዳክመዋል፤ ጸረ ዝገት ሽፋኑንም ያቃጥለዋል። ሁለተኛ፣ የነዳጅ ታንከሩ በቅርብ ነው። ሦስተኛ፣ የብየዳው ኤሌክትሪክ በመኪናው አካል ሲያልፍ የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያበላሽ ይችላል። ተሻጋሪው ብረት መበየድ ያለበት ከመኪናው ውጭ፣ መሬት ላይ ነው። መኪናው ላይ የግድ አንድ ነገር መበየድ ካለበት አስቀድሞ ባትሪው ይፈታ።

ተሳቢው የሚታሰርበት የብረት ኳስ በአብዛኛው ዓለም 50 ሚሊ ሜትር ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው ግን 2 ኢንች፣ ማለትም 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሆኖም 50 ሚሊ ሜትር ኳስ ለ2 ኢንች በተሠራ ራስ ውስጥ ሲገባ ይላላል፤ በኮረኮንች መንገድ ላይም ሊወጣ ይችላል። ኳሱና ራሱ ከአንድ ዓይነት መግዛት ይኖርባቸዋል። የኳሱ መካከል ከመሬት ያለው ከፍታ መኪናው ጭነት ይዞ ሳለ ከ35 እስከ 42 ሴንቲ ሜትር ይሁን።

በአውሮፓ አንድ ማያያዣ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በማሽን ሁለት ሚሊዮን ጊዜ እየተገፋና እየተሳበ ይፈተናል። በአካባቢ ጋራዥ የሚሠራው እንዲህ ያለ ፈተና አያልፍም። የእርሱ ፈተና መንገዱ ስለሆነ ብረቱ ከሚያስፈልገው በላይ ወፍራም መደረጉ ተገቢ ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ቡሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ፤ ብየዳውም ስንጥቅ እንዳለው በየወሩ ይታይ። ኳሱ ቢያመልጥ ተሳቢው በመንገደኛ ላይ እንዳይሄድ ሁለት ሰንሰለቶች ከተሻጋሪው ብረት ጋር ይታሰሩ። ፍሬቻ፣ ስቶፕና የታርጋ መብራት በተሳቢው ላይ መኖር አለባቸው። መብራቶቹ በቀጥታ ከመኪናው ሽቦ ከመቀጠል ይልቅ በሪሌይና በራሳቸው ፊውዝ ቢሠሩ የመኪናውን ሽቦ ከመቃጠል ያድኑታል።

ጭነቱ እንዴት ይደረደራል?

ብዙ አደጋ የሚመጣው ከማያያዣው ሳይሆን ከአጫጫኑ ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ በኳሱ ላይ ማረፍ አለበት። ለ330 ኪሎ ተሳቢ ይህ 33 ኪሎ ነው። ክብደቱ ከጎማው ኋላ ከሆነ ተሳቢው በፍጥነት ሲነዳ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ መኪናውንም ይዞት ይወጣል። ከመጠን በላይ ወደ ፊት ከሆነ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይዘቀዝቃል። ልኩን ለማወቅ የተሳቢውን አንገት በቤት ሚዛን ላይ ማሳረፍ በቂ ነው።

ይህ 33 ኪሎ ከኋላ ጎማው 70 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲያርፍ እንደ ሚዛን ይሠራል። ኋላው ወደ 42 ኪሎ ሲሸከም ፊቱ ደግሞ 9 ኪሎ ያህል ይቀልለዋል። ቪትዝ የሚነዳው በፊት ጎማው ነው። ስለዚህ በእርጥብ ዳገት ላይ ጎማው ቶሎ ይንሸራተታል። በክረምት፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶ በጭቃ መንገድ ወደ ቀበሌዎች ለሚገባ ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስሌቱ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። በጃፓን የምዝገባ ደንብ አንድ ተሳፋሪ በ55 ኪሎ ይሰላል። አምስት ሰው የሚይዘው ቪትዝም በዚህ ስሌት 275 ኪሎ ይጭናል። ሾፌሩ 70 ኪሎ ቢመዝንና የኋላው መቀመጫ ቢታጠፍ መኪናው ውስጥ 200 ኪሎ ዕቃ ይጫናል። ይህም ሁለት ኩንታል ነው! ተሳቢው ለደባርቅ መንገድ የሚፈቅደውን ሁለት ኩንታል ድንች ወይም ነጭ ሽንኩርት ያለ ምንም ብየዳ መኪናው ራሱ ይይዘዋል።

ከዚህ የምንረዳው ተሳቢ ለትንሽ መኪና የሚጠቅመው ለከባድ ዕቃ አለመሆኑን ነው። የሚጠቅመው ቦታ ለሚፈጅና ክብደት ለሌለው ዕቃ ነው። የስፖንጅ ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ባዶ ሣጥን፣ ቅርጫትና የቤት ዕቃ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ከቅዳሜ ገበያ ወደ ማራኪ ወይም ወደ አዘዞ በአጭር መንገድ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለሚያመላልስ ባለሱቅ ነገሩ ሊታሰብበት ይችላል። ከደጋ ገብስና ድንች ለሚያወርድ ግን አይሆንም።

አሁንም መኪናው በሌላ ዕቃ ሞልቶ ተሳቢው ሁለት ኩንታል ይጨምርልኛል የሚል ሰው ይኖራል። ለእርሱ ስሌት እንሥራ። ዋጋዎቹ ለምሳሌ የተያዙ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ዋጋ ይተካ። ማያያዣውና ተሳቢው 90,000 ብር ቢፈጁ፣ በኩንታል 250 ብር የጭነት ክፍያ ቢያድኑ፣ በአንድ ጉዞ 500 ብር ይገኛል። ለተጨማሪ ነዳጅ፣ ለጎማና ለፍሬን 200 ብር ሲቀነስ የሚቀረው 300 ብር ነው። 90,000 ብሩ የሚመለሰው ከ300 ጉዞ በኋላ ይሆናል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚመላለስ ነጋዴ ገንዘቡን ለመመለስ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ይቀረዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በነበረው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ማየታችንን ስናስብ፣ በየሳምንቱ መመላለስን እንደ እርግጠኛ ነገር መያዝም አይቻልም።

ሕግና ደላላ

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች ተመርምረውና ተመዝግበው እንዲንቀሳቀሱ ያዛል። ስለዚህ ተሳቢ ለማሠራት ያሰበ ሰው ብረት ከመግዛቱ በፊት ወደ መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ፣ የተሳቢው ምዝገባና በመኪናው ላይ የሚደረገው ለውጥ እንዴት እንደሚስተናገድ መጠየቅ ይገባዋል። በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብም ማያያዣው ከመርማሪው ዓይን አይሰወርም። በቤት መኪና ታርጋ የራስን ዕቃ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ የሰው ዕቃ እየጫኑ ማስከፈል ግን ሌላ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

መድንም ሊዘነጋ አይገባም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። ከዚህ ሌላ ሙሉ መድን የገባ ሰው ማያያዣ ማስገጠሙን ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ካላሳወቀ፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ ካሣው ሊያከራክር ይችላል።

ለመኪና አሻሻጮችና ለገዢዎችም አንድ ምክር አለ። ማያያዣ የተገጠመለት መኪና «ጠንካራ ነው» ተብሎ ሊቀርብ ይችላል። እውነቱ ግን መኪናው ከአቅሙ በላይ ሊሠራ የቆየ መሆኑ ነው። ሻጭ ማያያዣውን ፈትቶ ቢያመጣው እንኳ ቀዳዳው ይቀራል። ስለዚህ ገዢ ከኋላ ፓራውልት ሥር ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ክንዶች ይይ። የተበሳ፣ የተጨማደደ ወይም የተበየደ ምልክት ካለ የካምቢዮውን ዘይት ሽታና ቀለም ያስመርምር፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ያስቀንስ።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ማወቅ ይገባቸዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ምክንያት ጉልበቱ አይቀንስም፤ በቁልቁለትም ሞተሩ ራሱ እያቀዘቀዘ ባትሪውን ይሞላል። ነገር ግን ተሳቢ ሲጎተት በአንድ ሙሌት የሚኬደው ርቀት በእጅጉ ያጥራል። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሆነም ያለ ፋብሪካው ሥዕል በዚያ አካባቢ መብሳት ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

በአጠቃላይ ሲታይ፣ በትንሽ መኪና ላይ ማያያዣ መግጠም ይቻላል፤ በጥንቃቄም ከተሠራ በከተማ ውስጥ ቀላል ዕቃ ለማመላለስ ያገለግላል። ለደጋው መንገድ ግን ሚዛኑ ወደ ኪሳራ ያደላል። ከብዙ ወጪና ድካም በኋላ የሚገኘው ሁለት ኩንታል መኪናው ውስጥ አስቀድሞ የነበረ ቦታ ነው። ለድንቹና ለገብሱ ሁለት ሦስት ነጋዴዎች ተባብረው አንድ አይሱዙ ቢከራዩ ገንዘባቸውንም ፍሬናቸውንም ያተርፋሉ። ድስቱ ከተጣደ በኋላ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል።